ቀዳዳው ለዓይን፣ ገበሩ ለሳንቲም

[የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል]

ጓዳ ውስጥ ሥራ ይዛችሁ የምታዳምጡን እናቶች፣ ሱቅ እየጠበቃችሁ ጆሯችሁን የሰጣችሁን ወንድሞች፣ ከትምህርት ቤት ተመልሳችሁ ሬዲዮ የከፈታችሁ ልጆች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ሳምንታዊው የእጅ ሥራ ዝግጅታችን ጀምሯል።

ዛሬ ኪሮሽና ክር ይዘን ትንሽ ቦርሳ እንሠራለን። መታወቂያ፣ የቤት ቁልፍና ዝርዝር ሳንቲም የምትይዝ ቦርሳ ናት። የምትሠራው ከስምንት ትናንሽ ካሬዎች ነው። አራቱ ለፊቷ፣ አራቱ ለጀርባዋ።

ካሬዋን ብዙዎቻችሁ በዓይን ታውቋታላችሁ። ከመሐል ተጀምራ ዙር በዙር እየሰፋች ትሄዳለች። እያንዳንዱ ዙር ሌላ ቀለም ሊሆን ይችላል። በአልጋ ልብስና በሶፋ ልብስ ላይ ተደርድራ አይታችኋታል። በውጭ አገር ግራኒ ስኩዌር ይሏታል፤ እኛ ዛሬ በአጭሩ ካሬ እንላታለን።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ይህች ካሬ ቀዳዳ በቀዳዳ ናት። ታዲያ ሳንቲም እንዴት ልትይዝ ነው?

[አፍታ]

ገንዘብ እጁ ላይ የማይበረክትለትን ሰው «ኪሱ ቀዳዳ ነው» እንላለን። እኛ ደግሞ ዛሬ ሆን ብለን ቀዳዳ እየደረደርን ኪስ ልንሠራ ነው! መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁና ዝግጅቱ እስኪያልቅ በልባችሁ ያዙልኝ፦ ቀዳዳው ለዓይን፣ ገበሩ ለሳንቲም። ውበቱን ክሩ ይሰጣል፤ ጭነቱን ከውስጥ የሚሰፋው ጨርቅ ይሸከማል። ካሬዎቹ አምረው ተሠርተው ቦርሳዋ በአጭር ጊዜ የምትበላሸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ገበሩ እንደ ትርፍ ነገር ሲታይ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

መጀመሪያ ዕቃችንን እንሰብስብ። ምን ምን ያስፈልገናል?

አንደኛ፣ ክር። መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር ይሆናል። የጥጥ ክር ካገኛችሁ ለቦርሳ ይበልጥ ይመረጣል፤ እንደ ልብ አይለጠጥምና ቅርጹን ይጠብቃል። ሰው ሠራሹ ክር ግን ርካሽ ነው፣ ቀለሙም ብዙ ነው፣ ለመልመጃም ደህና ነው።

ሁለተኛ፣ ኪሮሽ። ለመካከለኛ ክር 4 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደ ነው። ለዛሬው ሥራ ግን አንድ ደረጃ ቀጠን ያለውን፣ ማለትም 3 ተኩሉን ያዙ። ለምን? ቀጭን ኪሮሽ ጠበቅ ያለ ሥራ ያወጣል። የአንገት ልብስ ለስላሳና ዘርጋ ያለ ቢሆን ያምራል፤ ቦርሳ ግን ጠበቅ ማለት አለበት።

ሦስተኛ፣ ዓይኑ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ መርፌ። አራተኛ፣ መቀስ። አምስተኛ፣ ለገበር የሚሆን ጨርቅና መስፊያ ክር። ስድስተኛ፣ ለአፏ ዚፕ ወይም አንድ ቁልፍ።

ክሩን በተመለከተ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ለዚህ ሥራ አዲስ ክር መግዛት ግድ አይደለም። የልጅ ሹራብ ሠርታችሁ የተረፈች፣ ሳጥን ውስጥ የቀረች ቁራጭ ክር ካለች፣ የካሬዋ መሐል ጥቂት ብቻ ስለሚወስድ ለእሱ ትበቃለች። ካሬዋ በዓለም ላይ የተወደደችውም በዚሁ ጠባይዋ ነው። ከታወቁት ቀደምት የታተሙ መመሪያዎቿ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1885 በአሜሪካ፣ ቺካጎ ይታተም በነበረ ፕሬሪ ፋርመር በተባለ የገበሬዎች ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። በ1930ዎቹ አሜሪካ በከባድ የኢኮኖሚ ችግር ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ቁርጥራጭ ክር ሳይጣል ብርድ ልብስ ይሆን ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ያቺው ካሬ የወጣቶች ፋሽን ሆና በሰደርያና በትከሻ ቦርሳ ላይ ታየች። ከችግር ጊዜ ብርድ ልብስ ወደ ፋሽን መድረክ! አሠራሯ ግን ያው ነው።

[አፍታ]

አሁን ወደ እጃችን እንመለስ። ይህን ሁሉ ካሬ ለመሥራት የምታውቁት ነገር ሁለት ብቻ ነው፤ ሰንሰለትና ቋሚ። ልድገመው፤ ሰንሰለትና ቋሚ።

ሰንሰለት ቀላሉ ነው። በክሩ ጫፍ ሸምቀቆ ሥሩና ኪሮሹን አግቡበት። ክሩን በኪሮሹ መንጠቆ ያዙና በሸምቀቆው ውስጥ ሳቡት። አንድ ሰንሰለት ሆነ። እንደገና ያዙ፣ ሳቡ። ሁለት። እንደገና ያዙ፣ ሳቡ። ሦስት። ዳንቴል የሠራ ሰው ሁሉ የጀመረው በዚህ ነው።

ቋሚው ከሰንሰለቱ ከፍ ብሎ የሚቆመው ነው። አሠራሩን በቁጥር እናስታውሰው። ክሩን አንድ ጊዜ ኪሮሹ ላይ አዙሩ። ኪሮሹን ቀዳዳው ውስጥ አግቡ፣ ክር ይዛችሁ ውጡ። አሁን ኪሮሹ ላይ ስንት ቀለበት አለ?

[አፍታ]

ሦስት። ጎበዞች! ክር ያዙና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለበቶች ውስጥ አሳልፉት። ስንት ቀረ? ሁለት። አሁንም ክር ያዙና በሁለቱም ውስጥ አሳልፉት። ስንት ቀረ? አንድ። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ቋሚያችሁ ተሠራ ማለት ነው። እጃችሁ እስኪለምድ ድረስ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ቁጠሩ፦ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ።

በግራ እጃችሁ የምትሠሩ አድማጮቻችንም አትጨነቁ። ሁሉም እርምጃ ያው ነው፤ ዙሩ በተቃራኒው አቅጣጫ መሄዱ ብቻ ነው ልዩነቱ። የካሬዋ መልክ አይለወጥም።

[የሙዚቃ ድልድይ]

ተዘጋጃችሁ? እንግዲህ የመጀመሪያውን ዙር እንጀምር። ክርና ኪሮሽ በእጃችሁ ካለ አብራችሁኝ ሥሩ፤ ከሌለም አዳምጡ፣ በኋላ ትሠሩታላችሁ።

አራት ሰንሰለት ሥሩ። ኪሮሹን መጀመሪያ የሠራችሁት ሰንሰለት ውስጥ አግቡና ክር ይዛችሁ በሁሉም ውስጥ ሳቡ። ጫፍና ጫፉ ተጋጠመ። መሐሉ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አላችሁ። የካሬዋ እምብርት እሷ ናት።

አሁን ሦስት ሰንሰለት ወደ ላይ ሥሩ። እነዚህ ሦስቱ ተጣምረው እንደ አንድ ቋሚ ይቆጠራሉ። ቀጥላችሁ እምብርቱ ውስጥ ሁለት ቋሚ ሥሩ። አንድና ሁለት፣ ሦስት ሆኑ አይደል? እነዚህ ሦስት ቋሚዎች አንድ ዘለላ ይባላሉ። ካሬዋ በሙሉ የዘለላ ሥራ ናት።

ከዘለላው ቀጥሎ ሁለት ሰንሰለት ሥሩ። ይህች ሁለት ሰንሰለት ማዕዘን ናት። እንደገና እምብርቱ ውስጥ ሦስት ቋሚ፤ ከዚያ ሁለት ሰንሰለት። እንደገና ሦስት ቋሚ፤ ሁለት ሰንሰለት። ለመጨረሻ ጊዜ ሦስት ቋሚ፤ ሁለት ሰንሰለት። ከዚያ መጀመሪያ ከሠራችኋቸው ሦስት ሰንሰለቶች አናት ጋር አጋጥሙት።

አራት ዘለላ፣ አራት ማዕዘን። ልድገመው፤ አራት ዘለላ፣ አራት ማዕዘን። ክሩን ቁረጡ፤ ግን አንድ ስንዝር ያህል ጭራ ተዉለት። የጭራውን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

[አፍታ]

ሁለተኛ ዙር። አዲስ ቀለም ያዙ። ከአራቱ ማዕዘኖች አንዱን ምረጡና አዲሱን ክር ቀዳዳው ውስጥ አያይዙ። ሥራውን አትገልብጡት፤ ፊቱ ሁልጊዜ ወደ እናንተ ይሁን።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኪሮሻችሁ የሚገባው ቀዳዳው ውስጥ ነው፤ የየቋሚውን አናት እየፈለጋችሁ ኪሮሽ ማስገባት የለባችሁም። ካሬዋ ለጀማሪ፣ ዓይኑ ለደከመ አረጋዊና በመብራት ለሚሠራ ሰው የተመቸችውም ለዚህ ነው። ቀዳዳው ውበት ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው ዙር በር ነው።

እሺ፤ ማዕዘኑ ውስጥ ሦስት ሰንሰለት ወደ ላይ፣ ከዚያ ሁለት ቋሚ። ሁለት ሰንሰለት። እዚያው ማዕዘን ውስጥ ሦስት ቋሚ ጨምሩ። አያችሁ? አንድ ማዕዘን ሁለት ዘለላ ወሰደ፤ በመሐላቸው ሁለት ሰንሰለት አለ። ካሬዋን ካሬ የሚያደርጋት ይህ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ሰንሰለት ሥሩና ወደ ቀጣዩ ማዕዘን ተሻገሩ። እዚያም ሦስት ቋሚ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ሦስት ቋሚ። አንድ ሰንሰለት፤ ወደ ሦስተኛው። አንድ ሰንሰለት፤ ወደ አራተኛው። በመጨረሻ አንድ ሰንሰለት ሠርታችሁ ከመነሻው ጋር አጋጥሙ።

አንድ ጊዜ ልድገመው፤ ማዕዘን ላይ ሁለት ዘለላ፣ በመሐላቸው ሁለት ሰንሰለት። በጎን በኩል ዘለላና ዘለላን የሚለያየው አንድ ሰንሰለት።

ሦስተኛ ዙር። ለስምንቱም ካሬዎች ይህን ዙር በአንድ ዓይነት ቀለም ሥሩት። የውስጦቹ ሁለት ዙሮች የፈለጋችሁትን ዓይነት ቀለም ይዘው እርስ በርስ ቢለያዩም፣ የዳር ቀለሙ አንድ ከሆነ ጥለት ነጠላን እንደሚያስረው ሁሉንም ያስራቸዋል። ከትርፍራፊ ክር የተሠራ መሆኑም አይታወቅም፤ ታስቦበት የተሠራ ይመስላል።

አሠራሩ ያው ነው። ማዕዘን ላይ ሦስት ቋሚ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ሦስት ቋሚ። አሁን ግን በጎን በኩል አንድ አዲስ ቀዳዳ አለላችሁ። አንድ ሰንሰለት ሥሩና እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ሦስት ቋሚ አስገቡ። እንደገና አንድ ሰንሰለት፤ ወደ ማዕዘን። እንዲህ እያላችሁ ዙሩን ጨርሱ።

[አጭር ሙዚቃ]

እስኪ እንፈትሽ። ትክክል መሥራታችሁን እንዴት ታውቃላችሁ? ቀላል ዘዴ አለ። በአንድ ጎን ያሉትን ዘለላዎች ቁጠሩ። በመጀመሪያው ዙር በአንድ ጎን ስንት ዘለላ አለ? አንድ። በሁለተኛው? ሁለት። በሦስተኛውስ?

[አፍታ]

ሦስት! የዙሩ ቁጥርና በጎን ያለው የዘለላ ቁጥር ሁልጊዜ እኩል ነው። አሥር ዙር ብትሠሩ በየጎኑ አሥር ዘለላ ታገኛላችሁ። አንዱ ጎን ሦስት፣ ሌላው ሁለት ከሆነባችሁ የሆነ ቀዳዳ ዘላችኋል። ፍቱና ተመለሱ። የኪሮሽ ሥራ ደግነቱ ይህ ነው፤ ክሩን ስትስቡት ይፈታል፣ የሚባክን ነገር የለም።

ካሬዋ ጠረጴዛ ላይ አልተኛም ብላ መሐሏ ከጎደጎደስ? ብዙ ጊዜ ማዕዘኑ ላይ ሁለት ሰንሰለት ማድረግን ረስታችኋል፤ ወይም እጃችሁ ሰንሰለቱን አጥብቆታል። ዳሯ ከተጨማደደና ከተወዛወዘ ደግሞ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቋሚ ገብቷል ማለት ነው። ስትጎደጉድ ጎድሏታል፤ ስትወዛወዝ በዝቶባታል። ይህን ካወቃችሁ ስህተቱን ያለ አስተማሪ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ጭራው እንመለስ። እያንዳንዱ ቀለም ሲጀመርና ሲቆረጥ ጭራ ይተርፋል። አንዳንዱ ሰው ቋጥሮ ከሥሩ ይቆርጠዋል። ይህን አታድርጉ! ቋጠሮ ከጊዜ በኋላ ይፈታል፤ ሥራውም ከመሐል መተርተር ይጀምራል። ጭራውን መርፌ ላይ አስገቡና በዚያው ቀለም ዘለላዎች ሥር ወደ አንድ አቅጣጫ አሳልፉት። ከዚያ አቅጣጫ ለውጣችሁ በሌላ ክር ላይ አዙራችሁ መልሱት። አንድ መሄድ፣ አንድ መመለስ። ሰው ሠራሽ ክር አንሸራታች ስለሆነ አንድ ጊዜ ጨምሩለት።

ሌላም ምክር አለ። ሁለተኛውን ዙር ከአንድ ማዕዘን ከጀመራችሁ፣ ሦስተኛውን ከሌላ ማዕዘን ጀምሩ። ጭራዎቹ አንድ ቦታ ላይ ተከማችተው አያብጡም።

[የሙዚቃ ድልድይ]

እንኳን ቆያችሁን። አሁን ስምንት ካሬ አለን እንበል። ስምንቱንም ግን አንድ ሰው ብቻውን መሥራት አለበት?

የለበትም። የካሬ ሥራ ከሰው ጋር ሊከፋፈል የሚችል ሥራ ነው። በቁራጭ እየሠሩ ማጋጠም በኪሮሽ ዓለም የቆየ ልማድ ነው። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ተመትቶ ታላቅ ረሃብ በገባ ጊዜ፣ ብዙ ቤተሰቦች የኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩ በመሸጥ ኑሯቸውን ይደግፉ ነበር። ክሎንስ በተባለች ከተማ ካሳንድራ ሃንድ የተባሉ የአንድ ቄስ ባለቤት በ1847 ይህን ሥራ ለአካባቢው ሰዎች አስተዋወቁ። በአየርላንድ ዳንቴል ጽጌረዳው ለብቻው፣ ቅጠሉ ለብቻው ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ቁራጮቹ ተጋጥመው አንድ ዳንቴል ይሆናሉ። የክሎንስ ዳንቴል እስከ ዛሬ በስሙ ይታወቃል።

እናንተም ቤት ውስጥ እንዲሁ ማድረግ ትችላላችሁ። እናት የመሐሉን ዙር፣ ልጅ ሁለተኛውን። ወይም ጎረቤት ለጎረቤት ተሰብስባችሁ ቡና እስኪፈላ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካሬ።

ነገር ግን አንድ ችግር ይመጣል። የአንዱ እጅ ያጠብቃል፣ የሌላው ያላላል፤ ካሬዎቹ አይተካከሉም። ምን ይሻላል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛ፣ የመጨረሻውን ዙር ለሁሉም ካሬ አንድ ሰው ይሥራው፤ ልዩነቱ ይጠባል። ሁለተኛ፣ እጁ የሚያጠብቀው ሰው ትንሽ ወፍራም ኪሮሽ ይያዝ፣ የሚያላላው ደግሞ ቀጭን።

ካሬዎቹ ሲያልቁ እርጥብ አድርጋችሁ፣ አራቱን ማዕዘን ወጠር አድርጋችሁ፣ ፎጣ ላይ በስፒል ወጥራችሁ አድርቋቸው። ጎኖቻቸው ይስተካከላሉ፣ ለመስፋትም ይመቻሉ። በተለይ ሰው ሠራሹ ክር ላይ ግን የጋለ ካውያ አታሳርፉ፤ ይቀልጣል ወይም ዝርግ ብሎ ውበቱን ያጣል።

[አፍታ]

እንግዲህ ማጋጠም። አራቱን ካሬ ጠረጴዛ ላይ ሁለት በሁለት ደርድሩ። ቀለማቸውን እያቀያየራችሁ ተመልከቱ። ሲያምራችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ መስፋት ስትጀምሩ ቦታው እንዳይጠፋባችሁ።

የሁለቱን ካሬ ዳር ጎን ለጎን አስጠግታችሁ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ በዳሩ ቀለም ክር መስፋት ጀምሩ። መርፌው የሚገባው ከእያንዳንዱ ቋሚ አናት ላይ ካሉት ሁለት የክር ዘርፎች በውጪኛው በኩል ባለው ብቻ ነው። ማዕዘን ከማዕዘን፣ ቋሚ ከቋሚ እያጋጠማችሁ ዳሩን ዘምዝሙት። ስፌቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ክሩን እጅግ አትሳቡት፤ ከተሳበ ይጨማደዳል።

መጀመሪያ የላይኞቹን ሁለት፣ ቀጥሎ የታችኞቹን ሁለት አጋጥሙ። ከዚያ ሁለቱን ረድፍ በአንድ ረጅም ስፌት አገናኟቸው። አንድ ፊት ደረሰ። ሌሎቹን አራት ካሬዎችም እንዲሁ። ሁለቱን ፊቶች ጀርባ ለጀርባ አድርጋችሁ ሦስቱን ጎን ስፏቸው፤ አራተኛው ጎን አፏ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን በእጃችሁ ቦርሳ የምትመስል ነገር አለች። ሳንቲም ብታስገቡባት ግን ታፈስሳለች። የጀመርነውን ጥያቄ አስታወሳችሁ? ሳንቲም እንዴት ትይዛለች? መልሱን አብረን እንበለው፦ ቀዳዳው ለዓይን፣ ገበሩ ለሳንቲም።

ለገበር ምን ዓይነት ጨርቅ ይሻላል? አቡጀዲ ይሆናል፤ አርጅቶ የተቀመጠ ሸሚዝ ይሆናል። ዋናው ነገር የማይለጠጥ መሆኑ ነው። ጥጥ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ቢሰበሰብ ቦርሳዋን ይዞ ይጨማደዳል።

ቀለሙንም አስቡበት። ገበሩ በቀዳዳው በኩል ወደ ውጭ ይታያል! ስለዚህ ከክሩ እኩል የውበቱ ተካፋይ ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ከውስጥ ካደረጋችሁ የዘለላዎቹ ቅርጽ ጎልቶ ይወጣል። ክሩና ገበሩ ተቀራራቢ ቀለም ከሆኑ ቀዳዳው ይጠፋል፣ ሥራችሁም ይደበዝዛል። ቁራጭ ጨርቆችን ከካሬው ሥር እያስገባችሁ አንድ በአንድ አስተያዩ፤ ዓይናችሁ ራሱ ይመርጣል።

ልኩስ? እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የዛሬው ዋና ምሥጢር እሱ ነው። ገበሩ ከክሩ ቦርሳ በጣም በትንሹ ማነስ አለበት። ለምን ይመስላችኋል?

[አፍታ]

ገበሩ ሰፋ ያለ ከሆነ የሳንቲሙና የቁልፉ ክብደት ክሩ ላይ ያርፋል። ክር ሲከብደው ይለጠጣል፤ ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ፤ ቦርሳዋ ወደ ታች ትንጠለጠላለች። ገበሩ ጥቂት ካነሰ ግን ክብደቱን ራሱ ይይዛል፤ ክሩ አርፎ ቅርጹን ይጠብቃል። በምሳሌ እንየው። የቦርሳችሁ ፊት 14 ሴንቲሜትር በ14 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የገበሩ ልክ ተሰፍቶ ሲያልቅ 13 ተኩል ይሁን። በየጎኑ ለስፌት አንድ ተኩል ስለሚገባ ጨርቁን 16 ተኩል በ16 ተኩል አድርጋችሁ ሁለት ቁራጭ ትቆርጣላችሁ።

ሁለቱን ቁራጭ ፊት ለፊት ገጥማችሁ ሦስቱን ጎን ስፉ። በእጅ ከሆነ ስፌቱ ጥቅጥቅ ይበል፤ በየእርምጃው መርፌውን ግማሽ መንገድ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ስፉ። የቁልፍ ጫፍ ደካማ ስፌትን አይምርም።

አፉን አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ወደ ውጭ እጠፉት። ገበሩን አትገልብጡት፤ ስፌቱ ወደ ውጭ እንደታየ ይቆይ። ወደ ክሩ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ስፌቱ በገበሩና በክሩ መካከል ይደበቃል። ቦርሳዋን የሚከፍት ሰው የሚያየው ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ነው።

ዚፑን በተመለከተ ከአፏ ጥቂት አጠር ያለ ይሁን። መጀመሪያ ዚፑን ክፈቱት፤ ከዚያ በገበሩ አፍ በውጭ በኩል አስደግፋችሁ አንዱን ጎን፣ ቀጥሎ ሌላውን ስፉት። ገበሩን ከነዚፑ ቦርሳዋ ውስጥ አስገቡና የክሩን ዳር ከዚፑ ጨርቅ ጋር በእጅ ዘምዝሙ። የዚፑን ጥርስ እንዳይነካ ትንሽ ራቅ በሉ፤ አለበለዚያ ክር እየነከሰ ይቸገራል።

ዚፕ ማስገባት የከበዳችሁ ጀማሪዎች አንድ ቁልፍ ትበቃችኋለች። የገበሩን አፍ ከክሩ አፍ ጋር ዘምዝሙት። በፊቷ በኩል ቁልፍ ስፉ። ከኋላዋ በኩል በቁልፏ ላይ ጠበቅ ብሎ የሚያልፍ የሰንሰለት ማንጠልጠያ ሥሩ። ሰንሰለት ሲያገለግል ስለሚለጠጥ ላላ አድርጋችሁ አትጀምሩት።

ቦርሳውን ለመሸጥ የምታስቡም ትኖራላችሁ። ሹራብ በማሽን ይሠራል፤ ገበያ ላይ ያለው እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ግን የሰው እጅ ውጤት ነውና ዋጋ ስትተምኑ ክሩን፣ ጨርቁንና ዚፑን ብቻ ሳይሆን ሰዓታችሁንም ቁጠሩ። ሥራ የሚያውቅ ገዢ ደግሞ ቦርሳዋን ይከፍትና ውስጧን ያያል። ጭራው ወጥቶ፣ ገበሩ ተላልጦ ካገኘው የውጩ ቀለም አያታልለውም።

[የመዝጊያ ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይጀምራል]

ሰዓታችን እያለቀ ነው። ከመለያየታችን በፊት ዋና ዋናዎቹን እንከልሳቸው።

ቋሚ ስትሠሩ ቁጥሩ ምን ነበር? ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ።

ማዕዘን ላይ ስንት ዘለላ? ሁለት፣ በመሐላቸው ሁለት ሰንሰለት።

የዘለላው ቁጥር በየጎኑ ከምን ጋር እኩል ነው? ከዙሩ ቁጥር ጋር።

ጭራው ይቋጠራል ወይስ ይሰፋል? በመርፌ ሄዶ ይመለሳል።

ገበሩ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በትንሹ ያንሳል።

የቤት ሥራም አላችሁ። እስከ ሳምንት ድረስ ስምንቱንም ጨርሱ አልልም። ሁለት ካሬ ብቻ ሥሩ። አንደኛውን በ4 ሚሊሜትር፣ ሌላውን በ3 ተኩል ኪሮሽ፣ ክሩ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። ሁለቱን በጣታችሁ እየጎተታችሁ አወዳድሩ። የትኛው ይበልጥ ይለጠጣል? ቦርሳችሁን በየትኛው ትቀጥላላችሁ? ውሳኔው የእጃችሁ ነው፤ እጁ ጠበቅ ያለ ሰው 4ቱን ሊመርጥ ይችላል።

በሚቀጥለው ሳምንት ለዚህችው ቦርሳ የማይለጠጥ የትከሻ ማንገቻ እንሠራለን። የተረፈውን የዳር ቀለም ክር እንዳትጥሉት፤ ያስፈልገናል።

እስከዚያው ድረስ ሰላም ሁኑ፣ ጤና ይስጥልኝ!

[የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል]